ተረቱን ያጨለመው ማን ነው?

“የልጆችን ተረት ለምን ታጨልሙብናላችሁ?” የሚል ክስ ደጋግሜ እሰማለሁ። ከሳሾቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጅ የሚያሳድጉ፣ መጽሐፍ የሚወዱ፣ አንዳንዶቹም መምህራን ናቸው። ክሳቸው ግልጽ ነው። በልጅነታችን ያሞቀንን ተረት አንድ ደራሲ ይወስድና ለአዋቂ የሚሆን ልቦለድ ያደርገዋል። ጠንቋይዋን ያሳዝነናል፣ ንጉሡን ቀማኛ አድርጎ ያሳየናል፣ መጨረሻውን ከሠርግ ወደ ቀብር ይለውጠዋል። ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ወደ እኛ ሥነ ጽሑፍ እንዳይጋባ እንጠንቀቅ ይላሉ።

በበኩሌ ክሱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ተረቱ ድሮም ጨለማ ነበር። ልማዱም የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ጎጃም የበቀለ ደራሲ ከሠራው ስድሳ ዓመት አልፎታል። ልንፈራው የሚገባን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ደራሲ ተረቱን ማጨለሙን ሳይሆን እኛ አንባቢዎች ልቦለዱን መልሰን ተረት ማድረጋችንን።

ስሙ ከሚነሣው የፈረንጅ መጽሐፍ ልጀምር። አሜሪካዊው ኤል. ፍራንክ ባውም እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ ኦዝ አገር በጻፈው የልጆች መጽሐፍ የምዕራቧ ጠንቋይ ክፉ ናት። ለምን ክፉ ሆነች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውኃ ይደፋባታል፣ ትሟሟለች፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ግሪጎሪ ማጓየር እ.ኤ.አ. በ1995 “ዊክድ” በተሰኘው ልቦለዱ ያልተጠየቀውን ጠየቀ። ለጠንቋይዋ ኤልፋባ የሚል ስም አወጣላት። በአረንጓዴ ቆዳዋ ምክንያት ከልደቷ ጀምሮ እንዴት እንደተገለለች፣ የኦዝ ገዢ መናገር የሚችሉትን እንስሳት መብት ሲገፍፍ እንዴት እንደተነሣችበት ተረከልን። በልቦለዱ መጨረሻ ትሞታለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2003 ብሮድዌይ ላይ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲሆን ግን ሞቷ የማስመሰል ሆነ፤ ተርፋ ከምትወደው ሰው ጋር ተሰደደች። ልቦለዱ ያጨለመውን ገበያው መልሶ አጣፈጠው ማለት ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለመሆኑ “ድሮ ጣፋጭ ነበረ” የሚባለው ተረት የቱ ነው? ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ያሳተማት ባለ ቀይ ቆብዋ ልጅ በተኩላው ተበልታ ትቀራለች፤ የሚያድናት አዳኝ አልነበረም። የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት የመጀመሪያ እትም ሃንሰልና ግሬቴልን ጫካ ውስጥ እንዲጣሉ የምታደርገው የወለደቻቸው እናት ናት። እናት እንዲህ ስታደርግ ማየት ሲከብድ በኋለኞቹ እትሞች የእንጀራ እናት ሆነች። እንግዲህ ተረቱን የነካካው ማን ነው? ያጨለመው ወይስ ያጣፈጠው?

የእኛውስ ተረት? በድርቅ ዘመን አራዊት ይሰበሰቡና “መዓቱ የመጣብን በኃጢአታችን ነው፤ እንናዘዝ” ይባባላሉ። አንበሳ በሬ መስበሩን ይናገራል፤ “ይህማ ምን ኃጢአት አለው?” ይባላል። ነብር ፍየል መንጠቁን፣ ጅብም የበላውን ይናገራል፤ እነሱም ይማራሉ። አህያ ተራዋ ሲደርስ “ጌታዬ ከመንገደኛ ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ግጫለሁ” ትላለች። “አገር ያጠፋሽው አንቺ ነሽ!” ይሏትና ይበሏታል። ይህ የልጆች ተረት ነው፤ አያቶቻችን እሳት ዳር የነገሩን። “አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ” የሚለው አባባልም ከዚሁ ጓዳ የወጣ ነው።

ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የተበላችው አህያ ናታ! ሲያድግ ግን አህያዋ ማን እንደነበረች ይገባዋል። ግብር የበዛበት ጎረቤቱ ትሆናለች፣ መሬቱን የተነጠቀ አጎቱ ትሆናለች፣ አንዳንዴም ራሱ ይሆናል። ከተረት ተነሥቶ ጨለማ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም። ለአህያዋ ስም ያወጣላታል፤ የምትኖርበትን መንደር፣ የጌታዋን ማዕረግ፣ የተፈረደባትን ቀን ይነግረናል። ጨለማውን የጨመረው እሱ አይደለም፤ ተረቱ ውስጥ የነበረውን ነው ወደ ደጅ ያወጣው።

ይህን የምጽፈው ከደብረ ኤልያስ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ስፍራዎች አንዷ ይህች የቅኔ አገር ናት፤ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም አሉበት። እኚህ ሰው በ1948 ዓ.ም. “ተረት ተረት የመሠረት”ን አሳተሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሰጡን። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን አንድ እጅ መጀመሪያ ተረቱን ለልጆች ሰብስቦ፣ ኋላ የተረቱን አጥንት ለአዋቂ የገለጠ ሆኖ ይታየኛል።

የታሪኩን አወቃቀር ልብ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ መንደር የሚመጣ የገበሬ ልጅ አለ። በትልቅ ጌታ ግቢ ውስጥ የታጠረች ቆንጆ አለች። ልጁ በትምህርቱ ግቢው ውስጥ ይገባል፤ ይዋደዳሉ። ይህ ማንኛችንም በልጅነት የሰማነው ተረት ነው። በተረቱ ሕግ ጌታው እንቆቅልሽ ያቀርባል፣ ልጁ ይፈታል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ ተረት ነጋሪውም አፉን በዳቦ አሳብሶ ይነሣል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሕግ አንድ በአንድ አፈረሱት። በተረት የወላጅ ስለት በረከት ነው፤ በዛብህን ግን ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ዕድሜ ልኩን የማይፈታው እግር ብረት ሆነበት። በተረት ጌታው እንቆቅልሽ ይጠይቃል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ግን የሚጠይቁት የዘር ሐረግ ነው፣ ያንንም በዕውቀት መፍታት አይቻልም። በተረት እብድ የሚመስለው ጠቢብ በመጨረሻ ይሾማል፤ ካሳ ዳምጤ ግን እውነት ስለተናገረ “ጉዱ” ተብሎ ቀረ። በተረት ቆንጆዋ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ሰብለ ወንጌል ግን ማንነቷን ደብቃ በእግሯ ወጣች። ወጥታም ያገኘችው ሠርግ ሳይሆን መቃብር ነው። ደራሲው ርዕሱ ላይ ነግረውናል፤ የደበቁን ነገር የለም።

እንግዲህ የማንኩሳውንና የዲማውን ታሪክ “ተረት አጨለመ” ብሎ የሚከስ አለ? የለም። የአማርኛ ልቦለድ ቁንጮ ነው ስንል ኖረናል። አንድ ወጣት ዛሬ ያንኑ መንገድ ቢከተል ግን ፈረንጅ አምላኪ እንለዋለን።

“ባህላችን የወረሰውን ሳይነካ ማስተላለፍ ነው” የሚል መልስ ደግሞ ከእኔ መንደር ሰው አይጠበቅም። ቅኔ ቤት ገብታችሁ እዩ። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ መወድስ እስኪደርስ ድረስ የሚጠየቀው አዲስ ቅኔ ነው። ዜማው የቆየ ነው፣ የቤቱ ልክ የቆየ ነው፣ ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም የሚያውቀው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው፤ ቅኔው ግን የዛሬ መሆን አለበት። ትናንት የተሰማውን የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍራል እንጂ ቅርስ ጠባቂ አይባልም። የታወቀን ታሪክ አንሥቶ ያልታየ ወርቅ ማውጣት በዚህ ምድር የፈረንጅ ትምህርት ሳይመጣ የነበረ ጥበብ ነው።

ከከሳሾቹ ነጥብ አንዱን ግን አልንቅም። ጨለማ ፋሽን ሊሆን ይችላል። ደም የረጨ ሁሉ እውነት ጻፈ አይባልም፤ ጭካኔን ለሽያጭ የሚደረድር ጸሐፊም ሞልቷል። መለያው ቀላል ነው። የልቦለዱ ጨለማ አድራሻ አለው ወይ? “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ መከራው ከሰማይ አይወርድም። ከዘር ቆጠራ፣ ከባላባትነት፣ ገበሬውን ካጎበጠው ግብርና መማለጃ ይመጣል። ለዚህም ነው በአበጀ በለው መሪነት ገበሬዎቹ የተነሡት። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ በእውነት ተነሣ። ልቦለዱ አስነሣው አልልም። ደራሲው ያሳዩት ጨለማ ግን የምናብ እንዳልነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ ልመለስ። ብሮድዌይ ኤልፋባን ከሞት እንዳስነሣት እኛም ሐዲስ ዓለማየሁን አጣፍጠናቸዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገር ጆሮውን ሰጠ፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ጆሯችን ውስጥ የቀረው ግን ምኑ ነው? የሁለት ፍቅረኞች እንባ። ርዕሱ የፍቅረኞች መሐላ ሆነ። ጉዱ ካሳ ለየት ያለ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ቀልድ ሆነ። አበጀ በለውን የሚያነሣ ስንት ነው? ዘር ቆጠራን ሲያፈርስ የኖረን መጽሐፍ አልቅሰንበት ስናበቃ ወጥተን ዘር እንቆጥራለን። መጽሐፉን ተረት አድርገን ባናነበው ኖሮ ይህ ባልተቻለን ነበር።

“ልጆቻችን ይደነግጣሉ” ለሚሉም አንድ ቃል አለኝ። ጨለማው ልቦለድ ለሕፃን አይነበብም፤ ተረቱን ሰምቶ ላደገ ሰው ነው። ደግሞስ የትኛውን ልጅ ነው ከጨለማ የምንከልለው? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተኩስ ሰምተው ያደሩ ልጆች አሉ። ነገ እነዚህ ልጆች አድገው መጽሐፍ ሲገልጡ ጅቡ ንስሐ ገብቶ አህያዋ የተረፈችበትን ተረት ብቻ ካገኙ የሚናቁት ተረቱንም እኛንም ነው። የደረሰባቸውን በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ ካገኙ ግን ቢያንስ ብቻቸውን እንዳልነበሩ ያውቃሉ።

ተረት ነጋሪው “ተረት ተረት” ሲል “የመሠረት” ብለን የምንመልስ ሰዎች ነን። መሠረት ቤት ሊሠራበት ይጣላል እንጂ ተሸፋፍኖ ሊቀመጥ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ አንድ ቤት ሠርተውበታል። የአህያዋ ልቦለድ ግን እስከ ዛሬ ደራሲ ይጠብቃል።