ከመሸጥዎ በፊት ገልብጠው ይዩት



ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቤት እየለቀቁ ወይም የእናትዎን ቡፌ እያራገፉ ከሆነ፣ ቆራሌው በር ላይ ሳይደርስ እንዲያነቡት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ዕቃ ለመምረጥ ፋታ ያገኘ ሰው ጥቂት ነበር። አልጋውና ፍሪጁ መኪና ላይ ወጣ። የቡፌው ሲኒ፣ ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ ግን ለልዋጭ ሄደ፣ ለጎረቤት ተሰጠ፣ ወይም ከፍርስራሹ ጋር ቀረ። ይህ ያንገበግበኛል።

ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ አፍሪካ አዳራሽም በ1953 ሲመረቅ ዙሪያው በውጭ አገር ሰው ተሞላ። የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ዕቃውን ይሸጣል፤ ያልተሸጠውን ለዘበኛውና ለሠራተኛዋ ትቶ ይሄዳል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ በርካታ የአሜሪካ ቢሮዎች እንዲዘጉ ሲያዝ ለሠራተኞቹ የሰጣቸው ጊዜ ቀናት ብቻ ነበር። በቀናት ውስጥ የሚወጣ ሰው የአበባ ማስቀመጫ በጋዜጣ ጠቅልሎ አይሄድም።

ስለዚህ ከኡራኤል በላይ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ አሜሪካዊ የአበባ ማስቀመጫ ሳይ ብዙም አልደነቀኝም። ሻጩ የቻይና ነው ብሎኝ ነበር። ስገለብጠው ግን ከሸክላው ጋር አብሮ የወጣ አበጥ ያለ ጽሑፍ አለበት፦ «ሮዝቪል ዩ.ኤስ.ኤ.»፤ ከሥሩ ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከሰረዙ በኋላ 8። ሮዝቪል በኦሃዮ ግዛት የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተዘጋ ፋብሪካ ነው። የፊተኛው ቁጥር የቅርጹ መለያ ሲሆን ከሰረዙ በኋላ ያለው መጠኑ በኢንች ነው። 8 ኢንች ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሜትር ካለዎት ይለኩት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቻይና የወጡት ብዙዎቹ ማስመሰያዎች «ሮዝቪል» ብለው «ዩ.ኤስ.ኤ.»ን ይዘላሉ። ደግሞም ሸክላ ሲተኮስ ይኮማተራል፤ ካለቀ ዕቃ ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተሠራ ቅጂ ከእናቱ ያንሳል። በግልጽ ካጠረ ይጠርጥሩ።

ከዚህ የሚበልጠው ሩክውድ ነው። ማሪያ ሎንግዎርዝ ኒኮልስ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1880 እዚያው ኦሃዮ፣ በሲንሲናቲ ከተማ ያቋቋመችው የሸክላ ቤት ነው። ምልክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ አርዋ ወደ ኋላ ዞራ ጀርባዋን ለፒ ሰጥታለች። ምልክቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፣ አዲስ አበባም በተቆረቆረችበት ዓመት። ከዚያ በየዓመቱ አንዲት ትንሽ የእሳት ነበልባል ይጨመርበታል፤ በ1900 ነበልባሎቹ 14 ደረሱ። ከ1901 ጀምሮ ደግሞ ከሥራቸው የሮማ ቁጥር ይገባል፤ 27 ከሆነ 1927 ማለት ነው። በብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ ከምልክቱ ጎን የሠዓሊው ወይም የሠዓሊዋ ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸዋል።

ለሌላውም ዕቃ ግርጌው ብዙ ይናገራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደች። «ኒፖን» (ጃፓን) የሚል ሲኒ በአብዛኛው ከ1921 በፊት የተሠራ ነው፤ «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» (በኃይል የተያዘች ጃፓን) የሚለው ምልክት ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው።

ጽሑፍ ከሌለስ? እናቶቻችን ጀበና ሲገዙ እንደሚያደርጉት በጣትዎ ያንኳኩት፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይደፈናል። የታችኛውን ጠርዝ ይዳስሱ፤ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የተጎተተ ዕቃ ይለሰልሳል፣ ይቆሽሻልም። በበረኪና አይጠቡት፣ የተሰበረውንም በሱፐር ግሉ አይለጥፉት። ምግብም አያቅርቡበት፤ የድሮ የሸክላ ቅብ መርዛማው የእርሳስ ማዕድን ሊኖረው ይችላል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልለምንዎ ወደምፈልገው ልምጣ። ሲንሲናቲ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ማስቀመጫ ያስጌጠችውን ሴት በሁለት ፊደል ማወቅ ይቻላል። ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ጭቃ ረግጣ፣ በእጇ አበጅታ፣ ተኩሳ ያጠቆረችውን ሴት ግን በስም የምናውቅበት መንገድ የለንም። ጀበናዋ በየቤታችን ገብቷል፤ ግርጌው ባዶ ነው። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ብሎ ሲሸሽ የኖረ አገር «ስምሽን ጻፊ» ሊላት አልቻለም። ይህ ነውር የእኛ ነው፤ ዛሬም ሊታረም ይችላል። ጀበና ሲገዙ የሠራችውን ሴት ስም ይጠይቁ። ከፈቀደች ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ግርጌው ላይ ይጻፉት።

ለቡፌውም ዕቃ እንዲሁ ያድርጉ። በቁራጭ ወረቀት ማን እንደሰጠው፣ የትኛው ቤት እንደነበረና ቤቱ መቼ እንደፈረሰ ጽፈው ውስጡ ያኑሩ። ግርጌውን በቀን ብርሃን፣ ከጎን በኩል ፎቶ ያንሱት፤ አበጥ ያለ ፊደል በጥላው ይነበባል። ከዚያ በኋላ ለመሸጥ ከወሰኑ፣ የሚሸጡትን አውቀው ዋጋውን ይጥሩ።

አክባሪዎ፣
ከቂርቆስ