ንጉሡ ያልመጣበት ሥዕል

ስለ ጂያንግ ዚያ የሚያወራ ሁሉ ወደ ንጉሡ ይቸኩላል። በቻይና ትውፊት ይህ ሽማግሌ በዌይ ወንዝ ዳር ቀጥ ባለ መንጠቆ ዓሣ ሲያጠምድ የዦው ገዥ ዌን ለአደን ወጥቶ አገኘው፤ አነጋግሮትም አማካሪው አደረገው። የዌን ልጅ ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ ሙዬ ላይ የሻንግን ሥርወ መንግሥት ሲገረስስ ዘመቻውን የቀየሰው እሱ ነው ይባላል። በስሙ የተላለፈው የጦር ጥበብ መጽሐፍም በሶንግ ዘመን ለመኮንኖች ትምህርት ከተመረጡት 7 መጻሕፍት አንዱ ሆኗል።

የስኬት አሠልጣኞች ታሪኩን ወደውታል። ታገሥ፣ ንጉሥህ ይመጣል ይሉበታል። እኔ ሥዕል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና መልሴን ከሥዕል ላምጣ።

ጃፓናዊው ኦጋታ ኮሪን (እ.ኤ.አ. 1658–1716) ይህንኑ ሽማግሌ ባለሁለት ገጽ ታጣፊ መከለያ ላይ፣ በወርቅ መደብ ሥሎታል። ቤተሰቡ በኪዮቶ ለቤተ መንግሥት ሴቶች ኪሞኖ ያቀርብ ነበርና ዓይኑ ያደገው በጨርቅ ጥለት መካከል ነው፤ እዚህም ያስታውቃል። ገደሉ ይጎብጣል፣ የወንዙ ዳር ይጎብጣል፣ የልብሱ እጥፋት ይጎብጣል፤ መስመሮቹ ተጠማዝዘው በሽማግሌው ሆድ ላይ ይገናኛሉ። ተማሪዎቼ የኅትመት ቅጂው ላይ መስመሮቹን በጣታቸው እንዲከተሉ አደርጋለሁ። ከየትም ቢነሡ መድረሻቸው ያው ነው። ሰውየው ያንቀላፋ ይመስላል፤ ሥዕሉን የያዘው ግን እሱ ነው።

ንጉሡስ? የለም። ካኖ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ወገን ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ ሲሥሉ ዌንንና አጃቢዎቹን ያመጣሉ። ኮሪን ሁሉንም ተዋቸው፤ ሠረገላ የለ፣ ሰይፍ የለ።

ትልቅ ድፍረት ነው እላለሁ። ንጉሡ ከገባ የሽማግሌው ዓመታት ሁሉ ደጅ ጥናት ይሆናሉ፤ ዋጋቸውን የሚተምነው መጪው ባለሥልጣን ነው። ንጉሡ ሲቀር ግን ሰውየው ሳይሾም፣ ሳይጠራ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ስንት ጎበዝ ተማሪ አየሁ፣ ጠሪ ስላጣ ብቻ የተማረው ሁሉ ከንቱ የመሰለው! ለእንዲህ ያለው ልጅ ንጉሥህ ይመጣል ማለት ጭካኔ ነው። ላይመጣ ይችላላ።

ሥዕሉ የኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ነው። ዘወትር ለእይታ ስለማይቀርብ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። አሠልጣኞቹም የሽማግሌውን ታሪክ ደግመው ከመናገራቸው በፊት ቅጂውን እንኳ ፈልገው ይዩት።