ስለ ነዳጅ ዘይትና ስለ መንግሥት ነፃነት

አንድ መንግሥት ነፃ ነው የሚባለው ድንበሩ ስለ ተከበረና ሰንደቅ ዓላማው ስለ ተሰቀለ ብቻ አይደለም። ወፍጮው የሚዞርበትን፥ መኪናው የሚሄድበትን፥ ሌሊቱ የሚበራበትን ኀይል ከማን ደጅ እንደሚያገኝ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ኀይሉን ከሌላ ደጅ የሚጠብቅ መንግሥት በጉባኤ ላይ ቃሉን ከመናገሩ አስቀድሞ የሻጩን ፊት መመልከቱ የማይቀር ነው። ይህንንም ለመረዳት የሩቅ አገር ታሪክ ከመፈለግ በፊት የራሳችንን መከራ ማስታወስ ይበቃል።

በ1928 ዓ.ም. በመስከረም ወር የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ጥሶ በገባ ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር በወራሪው ላይ የንግድ ቅጣት ፈረደ። ቅጣቱ በኅዳር ወር ሲጸና ግን የጦር መሣሪያና ብድር ሲከለከል፥ ነዳጅ ዘይት ከተከለከለው ዕቃ ውስጥ ሳይገባ ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ታላላቆቹ መንግሥታት ጦርነቱ ወደ አውሮፓ እንዳይዛመት ፈሩ፤ የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ ዘይት መሸጧን ካልተወች ክልከላው ምን ይረባል እያሉም አመነቱ። እነርሱ ሲያመነቱ የወራሪው አውሮፕላንና ካሚዮን ከባዕድ አገር በገዛው ዘይት ወደ ፊት ገሠገሠ። ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ያየችው ነገር፥ የዘይት ንግድ ከፍርድ ሚዛን የሚበልጥ ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ነው።

ኀይል ሲለወጥ የመንግሥታት ወዳጅነትና ጠላትነት አብሮ እንደሚለወጥ ደግሞ የእንግሊዝ ታሪክ ያስረዳል። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በድንጋይ ከሰል በሚሄዱበት ዘመን ከሰሉ ከገዛ አገራቸው ምድር ይወጣ ነበር። ፈጣን መርከብ ተፈልጎ ወደ ነዳጅ ዘይት በተዛወሩ ጊዜ ግን ዘይቱ በአገራቸው ስላልነበረ፥ መንግሥቱ በ1906 ዓ.ም. በፋርስ ምድር ዘይት ከሚያወጣው ኩባንያ ከግማሽ የሚበልጠውን ድርሻ ገዛ። ከዚያ ወዲህ የፋርስና የመካከለኛው ምሥራቅ ጕዳይ የእንግሊዝ የቤት ጕዳይ ሆነ። የመርከብ ምድጃ መለወጥ የአንድን ታላቅ መንግሥት የውጭ ጕዳይ መንገድ ለወጠ ማለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ዘይት ያላቸው የዐረብ መንግሥታት ለአሜሪካና ለሆላንድ ዘይት እንዳይሸጥ ከለከሉ። የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። ዘይቷን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከውጭ የምታስመጣው ጃፓን፥ በኅዳር ወር እስራኤል ከያዘችው ምድር እንድትወጣ የሚጠይቅ መግለጫ አወጣች፤ ከዚያም ሊቀነስባት የነበረው ዘይት ተማረላት። ጃፓን ይህን ያደረገችው ድንገት ልቧ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ ዘይት የሚያልፍበት ቧንቧ ምክርም እንደሚያልፍበት ስለ ተረዳች ነው።

የዚያ ዓመት ወላፈን ወደ አገራችንም ደርሷል። የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ በየካቲት ወር የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የነጂዎቹ አቤቱታ ከመምህራኑ፥ ከተማሪዎቹና ከወታደሩ አቤቱታ ጋር ተደመረ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ወደቀ። ለዚያ ውድቀት ሌላ ብዙና ጥልቅ ምክንያት እንደ ነበረው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እሳቱ ሲቀጣጠል ከጫፉ ላይ ከነበሩት ጭራሮዎች አንዱ እኛ ያልወሰንነው የዘይት ዋጋ መሆኑን ሊዘነጋው የሚገባ ሹም የለም።

ከዚያ ችግር ተምረው መንገዳቸውን ያቀኑ አገሮች አሉ። ዴንማርክ ከኀይሏ ከመቶ 90 የሚበልጠውን ከውጭ በሚመጣ ዘይት ታገኝ የነበረች ትንሽ አገር ናት። ከችግሩ በኋላ ፊቷን ወደ ነፋስ መለሰች፤ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ የሚበልጠው ከነፋስ የሚገኝ ነው። ብራዚልም በ1968 ዓ.ም. ከሸንኮራ አገዳ የሚጣራ አልኮል በመኪና ቤንዚን ፋንታ እንዲተካ መንግሥታዊ ሥራ ጀመረች። በአንጻሩ ጀርመን ከውጭ ከምትገዛው ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠውን ከሩስያ ታመጣ ስለ ነበር፥ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩስያ ወደ ዩክሬን በዘመተች ጊዜ የተቈጣ ልብና የታሰረ እጅ ይዛ ተገኘች። የሩስያን ጋዝ በሌላ ለመተካት የከፈለችውም ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፥ ለቤንዚንና ለናፍጣ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቈጠር የአሜሪካ ዶላር እንከፍላለን። ይህም ገንዘብ ቡናችንን፥ ሰሊጣችንንና ወርቃችንን ሸጠን ያገኘነው ነው። ዘይቱ ወደ እኛ የሚደርሰው በብዛት በጅቡቲ ወደብ በኩል በመሆኑ፥ በቀይ ባሕር ላይ ሰላም የጠፋ እንደ ሆነ በመርካቶ የጤፍ ዋጋ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ወንዝ፥ ነፋስ፥ ፀሐይና የምድር ውስጥ እንፋሎት በታደለች አገር ነው፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በእኛ ላይ ሲነገር ኖሯል።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬ ተረቱ ሊለወጥ ጀምሯል። ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ በ1952 ዓ.ም. ከተፈጸመው ከቆቃ ግድብ የተነሣን ሰዎች፥ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውን፥ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለትን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. መርቀናል። የተሠራውም ሕዝቡ ቦንድ እየገዛና እየለገሠ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ጋር ባዋጣው ገንዘብ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉ ተነገረ። ለጅቡቲ፥ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ሸጠናል፤ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ የተዘረጋው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ ደስ መሰኘት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደስታው ምክርን እንዳያስረሳ አራት ነገሮችን ለሹማምንቱ እናሳስባለን።

አንደኛው፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው የጭነቱ መንገድ እንዲሆን ነው። የከተማው ባለጸጋ በኤሌክትሪክ መኪና ቢሄድ መልካም ነው፤ የአገሩ ናፍጣ ግን በአመዛኙ የሚነደው ከወደብ እህል፥ ማዳበሪያና ብረት በሚያመላልሱት ካሚዮኖች ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በ750 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ባቡር ኀይል ሳይቋረጥበት ሙሉ ጭነት ሲጭን፥ ከብዙ ሺህ የቤት መኪናዎች ይልቅ የዘይት ዕዳችንን ያቀልልናል።

ሁለተኛው፥ አንዱን ሰንሰለት ፈትተን ሌላውን እንዳንታጠቅ ነው። በዓለም ላይ ከሚሠራው ሶላር ከአምስት እጅ አራቱን የሚበልጠው በቻይና የሚሠራ ነው፤ ለባትሪ ከሚያስፈልገው ኮባልት ከግማሽ የሚበልጠውም ከአንዲት ከኮንጎ ምድር ይወጣል። ልዩነቱ ዘይት በየቀኑ የሚገዛ ሲሆን ሶላሩ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ብዙ ዓመት ማገልገሉ ነው። ሆኖም የሚጠግነው፥ የሚገጥመውና ክፍሉን የሚሠራው የአገር ልጅ ካልሆነ፥ የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ይደርስብናል።

ሦስተኛው፥ ውሃን ብቻ እንዳናምን ነው። ዝናብ የጐደለ እንደ ሆነ ግድቡም ይጐድላል። ስለዚህ በአዳማና በአሸጐዳ የተተከሉት የነፋስ መዘውሮች፥ በአሉቶ ላንጋኖም የተጀመረው የምድር እንፋሎት ሥራ ሊስፋፉ ይገባል። ከሕዝባችንም ብዙው ገና በእንጨትና በኩበት የሚያበስል ስለ ሆነ፥ መስመሩ ወደ ጎረቤት ሲዘረጋ ወደ ገጠሩ ባላገር መዘርጋቱ እንዳይዘገይ።

አራተኛው፥ ሻጭ ስንሆን ገዢ ሳለን የደረሰብንን እንዳናደርግ ነው። ሽቦውን ቈርጦ ማስፈራራት ዘይት ከልክሎ ከማስፈራራት አይለይም። ጎረቤቶቻችን የውላችንን ጽናት ካዩ፥ በመብራታቸው ምክንያት ሰላማችንን እንደ ሰላማቸው ይጠብቃሉ፤ ካላዩ ግን ገንዘባቸውን ይዘው ሌላ ሻጭ ይፈልጋሉ። በዓባይ ውሃ ምክንያት ከግብፅ ጋር የቆየው ክርክርም ቢሆን፥ ኀይላችን ለአካባቢው ሕዝብ ሁሉ የሚጠቅም መሆኑ በሥራ ሲታይ የሚለዝብበት መንገድ ይኖራል ብለን እናምናለን።

ለአባቶች ካህናትም አንድ ቃል አለን። ግድብ የሚሞተው በጠላት ቦምብ ብቻ አይደለም፤ ከተራቈተው ተራራ በሚወርድ ደለልም ይሞላል። በየደብሩ ዙሪያ የጠበቃችሁት ጥንታዊ ዛፍ ለግድቡ ታላቅ ምሳሌ ነው። ምእመናኑ ተራራውን እንዲያለብሱ ብታስተምሩ፥ የዓባይን መብራት ከምንጩ ጠበቃችሁ ማለት ነው።

የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ የለንም። አምስቱ የቀሩት መብራት ስላልነበራቸው አይደለም፤ ዘይታቸውን ከሰው ሊበደሩ፥ ከገበያም ሊገዙ ሲሄዱ በሩ ስለ ተዘጋባቸው ነው። የመንግሥታት በርም ሳያስጠነቅቅ የሚዘጋበት ሌሊት ይመጣል። በዚያ ሌሊት ከሰው ደጅ ሳትቆም የገዛ መብራቷን ይዛ የምትገኝ አገር፥ በዓለም ጉባኤ ላይ የምትናገረው ቃል የገዛ ቃሏ ይሆናል።