ትልቁ ስፒከር ይቆየን

ከኪሳችን ባዋጣነው ገንዘብ ድምፅ ማጉያ ይገዛ ሲባል የሚታሰበው ትልቁ ስፒከር ነው። ወልድያ ላይ በአዳራሽ ለሚደረግ ፕሮግራም ይሁን። መርሳ ላሉት ወንድሞቻችን የሃያ ሰው ደርስ ግን ምን ያደርጋል? እዚያው ሀብሩ፣ ዳና ላይ ደረሳው ሸኹን ከቦ ሲቀራ ማጉያ አላስፈለገውም። ባዶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ደግሞ ድምፁ በጨመረ ቁጥር ማስተጋባቱ ይብሳል፤ ቃሉ አይለይም።

እኔን የሚያሳስበኝ የእህቶች በኩል ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ደርሱን በግማሽ ይሰማሉ፤ ጥያቄያቸውም በቁራጭ ወረቀት ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ለኡስታዙ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ፣ በእነርሱ በኩል ደግሞ በባትሪም የሚሠራ አነስተኛ ስፒከር (መብራቱን ታውቁታላችሁ) እና የጥያቄ ማይክ ይገዛ። ፕሮጀክተሩም ይቆይ። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንዲት እህት ከኋላ ተቀምጣ ትስማው።