ሁለተኛው ዲግሪና የወተት ዕቃው

በዲዛይን ማስተርስ መያዝ ይጠቅማልን? እያልን ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዱ የሚያስበው ደመወዙን ብቻ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን የሜጋ ልጅ ነኝና የሚታየኝ የእናቴ የወተት ዕቃ ነው። የቦረና ሴት ከዱር ተክል ሥር የወጣውን ቃጫ ፈትላ፥ ወተት እስከማያፈስ ድረስ አጥብቃ ትሰፋዋለች፤ በጢስም ታጥነዋለች። ማን ዲግሪ ሰጣት?

አቶ አለ ፈለገ ሰላምስ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ት/ቤቱን የከፈቱት ከቺካጎ ይዘውት በመጡት የመጀመሪያ ዲግሪ አይደለምን? ስለዚህ መምህር ሊሆን ያሰበ ይቀጥል፤ ወረቀቱን ይጠየቃልና። ሌላው ግን ሁለት ዓመት ከሚቀመጥ፥ ፕላስቲክ ጀሪካን ሳይተካው ያንን አሰፋፍ ከእናቶች ሥር ቁጭ ብሎ ይማር። የሚያውቁት አርጅተዋል፤ ምረቃችንን አይጠብቁም።