ለስልኩም ሰዓት እንቁረጥለት

«ለተወሰነ ጊዜ ከፌስቡክ እርቃለሁ፤ የምትፈልጉኝ ደውሉልኝ» የሚል ስንብት በየጊዜው ይነበባል። አብዛኛው ተሰናባች ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል፤ ሲመለስም ራሱን ይወቅሳል፣ ቃሌን መጠበቅ አቃተኝ ይላል። እኔ ግን ጥፋቱን በሰውየው ላይ አላደርገውም። ዕረፍቱ የፈረሰው ብቻውን፣ ያለ ቀጠሮና ያለ ማብቂያ ስለጀመረው ነው። መታቀብን ከልጅነት ጀምሮ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ይህ መሆኑ ይቆጨኛል። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይመጣሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት መቼ እንደሚገቡና መቼ እንደሚፈቱ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል፤ ቅበላ አለው፣ ፋሲካ አለው። ብዙው ሥጋ ቤት ራሱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱም በያይነቱን ያሰናዳል። በረመዳንም ቤተሰቡና ጎረቤቱ አንድ አዛን ሰምቶ አብሮ ያፈጥራል። ጿሚው በየሰዓቱ ከምግብ ጋር ግብግብ አይገጥምም፤ ግብግቡን ሥርዓቱ ቀድሞ ገጥሞለታል። ከስልክና ከስክሪን ማረፍም የሚዘልቀው እንዲህ በሰዓት ተቆርጦ፣ በቤተሰብ ደረጃ ሲያዝ ነው። ስልክ መተው ጾም ነው አልልም፤ ጾም የአምልኮ ነው፣ ይህኛው ጤናን መጠበቅ ነው። የምዋሰው ሥርዓቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን ዕረፍቱ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ፣ የስታንፎርድና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ወደ 3 ሺሕ የሚጠጉ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መልምለው፣ በዕጣ የተለዩትን ለአራት ሳምንት አካውንታቸውን አዘጓቸው። የዘጉት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተረፋቸው። የተረፈው ሰዓት ወደ ሌላ ድረ ገጽ አልሄደም፤ ከፊሉ በቴሌቪዥን፣ ከፊሉ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር አለፈ። የደስታና የእርካታ ስሜታቸው በመጠኑ ከፍ አለ፤ ስለ ዕለቱ ዜና ያላቸው ዕውቀት ቀነሰ፤ የፖለቲካ ጽንፈኝነታቸውም እንዲሁ። ሙከራው ካለቀ በኋላም ብዙዎቹ እንደ ድሮው አልተመለሱበትም። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 467 ሰዎች ስልካቸው ላይ ያለውን ኢንተርኔት ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ ጠየቀ፤ መደወልና አጭር መልእክት መላክ ተፈቅዷል። ከተሳታፊዎቹ 91 በመቶ የሚሆኑት በአእምሮ ጤና፣ በደኅንነት ስሜት ወይም ነገርን በትኩረት በመከታተል፣ ቢያንስ በአንዱ መሻሻል አሳዩ። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከሁለቱ ሳምንት አብዛኛውን ቀን እንኳ እንደታዘዘው የጠበቀው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ጥናት አካውንቱን እንዲዘጋ የተመደበው ሁሉ ማለት ይቻላል ቃሉን ጠብቋል፤ እዚያ ግን የተቆረጠ ቀን ነበረ፣ የሚቆጣጠር ነበረ፣ መቶ ዶላር ገደማ ክፍያም ነበረ። የውጭ ድጋፍ ያለው ዕረፍት ይጸናል፤ በግል ወኔ ላይ ብቻ የቆመው ይፈርሳል።

ወኔ የሚሸነፍበት ምክንያት ስልኩ ውስጥ አለ። ታክሲ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠውን ሰው እጅ እንመልከት። አውራ ጣቱ ከታች ወደ ላይ ትገፋለች፤ ቪዲዮው ያልፋል፣ ሌላው ይተካል። አንዱ አይረባም፣ ሁለተኛውም አይረባም፣ ሦስተኛው ያስቃል፣ ከዚያ አራት የማይረቡ ይከተላሉ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ሰውየው ቀና አይልም። ጣቷን ያሰራት ጥሩው መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ.ኤፍ. ስኪነር ይህንን ከስልክ ዘመን በፊት በርግቦች አሳይቷል፤ ምግቡ በስንተኛው ምት እንደሚወጣ ያልታወቃት ርግብ ቁልፉን ሳትታክት ትመታለች። በዚህ ላይ ገጹ መጨረሻ የለውም። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለው ባለሙያ ወደ ታች ሲወርዱት የማያልቀውን ገጽ ቀረጸ፤ በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማታ ስርጭቱን ጨርሶ ተመልካቹን ይሰናበት ነበር። ስልኩ ግን አይሰናበትም፤ ማብቂያውን እኛው ካላበጀንለት በራሱ አያበጅም። መሐንዲሶች ማብቂያውን ነቅለው ካወጡለት ነገር ጋር አንድ ተማሪ በመኝታው ላይ ለብቻው ይታገል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሌሊት ነው። ቦስተን ውስጥ የተደረገና በ2015 የታተመ የእንቅልፍ ጥናት 12 ሰዎችን ለተከታታይ አምስት ምሽቶች ከመኝታ በፊት ብርሃን በሚረጭ መሣሪያ መጽሐፍ አስነበበ፤ ሌላ አምስት ምሽት ደግሞ የወረቀት መጽሐፍ። በመሣሪያው ያነበቡ ጊዜ ለመተኛት አሥር ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የሰውነታቸው ሰዓትም ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ተጎተተ። 12 ሰው ጥቂት ነው፣ አሥር ደቂቃም ብዙ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ግን የተሰጣቸው ጸጥ ያለ መጽሐፍ ነው፤ መብራታቸውም በተወሰነ ሰዓት ይጠፋ ነበር። የእኛ ወጣት በዚያ ሰዓት የያዘው ቲክቶክ ላይ የቀጥታ ስርጭት ጠብ ነው፣ ወይም ከጦር አውድማ የተላከ የሬሳ ምስል ነው። መብራቱን የሚያጠፋለትም የለም። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ረክሶ ሲሸጥ ደግሞ ኪሱ የሳሳው ተማሪ ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ሌሊቱን ይሸምታል። ለድርጅቱ መረቡ በማይጨናነቅበት ሰዓት የሚገኝ ትርፍ ነው፤ በማግስቱ መምህሩ ፊት የሚያንቀላፋው ልጅ ግን በማንም ሒሳብ ላይ አይመዘገብም። ጥቅሉ ለምሽቱ መጀመሪያ ቢረክስ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር?

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በ2019 ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከ355 ሺሕ በላይ የእንግሊዝና የአሜሪካ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው፣ በልጆቹ ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ በዲጂታል ቴክኖሎጂ የሚብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው አሉ። ድንች አዘውትሮ ከመብላት ጋር የተገኘው ዝምድና እንኳ ከዚህ አይርቅም ነበር። ይህን ጥናት አከብረዋለሁ፤ ስልክ አንድ ትውልድ አጠፋ የሚለውን ጩኸት አደብ ያስገዛል። ጥናቱ የለካው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቆ ነው። ከአያቱ ጋር በቪዲዮ የሚያወራው፣ የፊዚክስ ትምህርት የሚከታተለውና ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በሰው ገላ የራሱን የሚመዝነው ልጅ አንድ መስመር ላይ ተሰልፈዋል። ምግብ ጤና ይጎዳል ወይ ብሎ በጅምላ የጠየቀም ከዚህ የተለየ መልስ አያገኝም። ለጥቂት ቀናት ጨርሶ መተውን ከፈተኑ ሙከራዎች ውስጥም ምንም ለውጥ ያላሳዩ አሉ። ለእኔ ይህ መጠኑንና ሰዓቱን ወደ መወሰን ይመራል። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ሥራ 143 ተማሪዎችን ይዘው፣ ከፊሎቹ በፌስቡክ፣ በኢንስታግራምና በስናፕቻት በቀን አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲቆዩ አደረጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው ቀነሰ። ማንም ስልኩን አልጣለም፤ ሰዓት ተቆረጠለት እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአገራችን ኑሮ የሚነሣ ነው፣ ከመጀመሪያውም ይልቅ ይከብዳል። ከሕዝባችን አብዛኛው ገና ኢንተርኔት አላገኘም። ያገኘውም ደጋግሞ ተቋርጦበታል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ከመረብ ተለይቷል። በትግራይና በአማራ ክልሎች ደግሞ መቋረጡ በሳምንት ሳይሆን በወራት ተቆጥሯል። እንዲህ ለኖረ ሰው ከኢንተርኔት ዕረፍ ማለት ቁስል መንካት ይሆናል። ጾምም ረሃብም አለመብላት ናቸው፤ አንዱን ግን ሰው ቀኑን አውቆ፣ ፈቅዶ ይገባበታል፣ ሌላው ሳይጠራ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። በግድ የተዘጋበት ሰው አላረፈም። ልጁ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ነው ያደረው። ኢንተርኔት ለሁሉም ይድረስ፣ አይቆረጥ ብሎ የሚሟገት ሰው የገዛ ማታውን ከስክሪን ቢያሳርፍ ቃሉ አይጋጭም። ያለ ማዕድ ጾም የለምና።

ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከኩዌት የሚደወለውም እንዲሁ መዘንጋት የለበትም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ሥራዋ የሚያልቀው ሌሊት ነው፤ እናቷን በአይሞ የምታገኘው ያን ጊዜ ነው። እሷን ስልክሽን አስቀምጪ ማለት የቀረላትን አንድ በር መዝጋት ነው፤ ይህ ምክር እሷን አይመለከትም። የእናትየውም ስልክ ዝም አይበል። ጥሪ መጠበቅና ገጽ መግፋት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ድምፁ ከፍ ብሎ ከሌላ ክፍል ሊሰማ ይችላል፣ ሁለተኛው እጅ ላይ ካልሆነ አይሆንም። በትዕዛዝ ታክሲ የሚተዳደረው ሹፌርና በቴሌግራም ልብስ የምትሸጠው ወጣትም ቀኑን በስልክ ይሠሩበት። ለእነሱም የሚቆረጠው ሰዓት ሥራው ካበቃ በኋላ ያለው ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ስልክ አይነሣም ብሎ ቤተሰቡ ቢስማማ አንድ ሰዓት ያህል ተገኘ፤ መጀመሪያው አቦሉ ሲቀዳ ይታወቃል፣ መጨረሻው ሦስተኛው ሲኒ ሲነሣ ይታወቃል፣ ጎረቤትም አብሮ አለ። ማታ ደግሞ ቤተሰቡ በመረጠው ሰዓት፣ ለምሳሌ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስልኮች ሁሉ ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ ተሰብስበው ቻርጅ እየተደረጉ ይደሩ። ማንቂያውስ የሚል ይኖራል፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ዛሬም ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ሕፃናት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን አይፈቀድ ብሏል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ስልክ ማቀበልን ልማድ ላደረግን ወላጆች ይህ ቀላል አይሆንም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአዋቂው ነው። አባት የልጁን ስልክ ወስዶ በራሱ መኝታ ሲገፋ ቢያመሽ፣ ልጁ የሚያየው ቅጣት ነው። የአባቱ ስልክ ከእሱ ጎን ቡፌው ላይ ካደረ ግን የቤቱ ሕግ መሆኑን ያውቃል፤ ጠዋትም ሁለቱም የሚያነሡት አብረው ነው።