የመሪ ሴንሰር ገበያና የምርመራው ጉዳይ

በዘመኑ መኪናዎች ውስጥ አንድ የማይታይ ጠባቂ አለ፤ ይኸውም መኪናው በኩርባ ወይም በእርጥብ አስፋልት ላይ መንሸራተት ሲጀምር ከአራቱ ጎማዎች አንዱን ለብቻው በፍሬን ይዞ አቅጣጫውን የሚያስተካክለው የሚዛን መጠበቂያ ነው። የሾፌሩን አሳብ የሚያውቀውም በመሪው ዘንግ ላይ በተተከለ ሴንሰር አማካይነት ነው። መሪው ወዴትና ምን ያህል እንደ ዞረ ሴንሰሩ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም ይህንን ከመኪናው አዟዟርና ከጎማዎቹ ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል። የሴንሰሩ ቃል የማይታመን ከሆነ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ጠባቂውም ሥራውን ያቆማል።

በጣና ዳር ባለው የባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳና መብራቱ ወር ሙሉ ቢበራ ሾፌሩን ብዙ አያስጨንቀው ይሆናል። ነገር ግን ያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በክረምት ዝናብ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል።

መብራቱ ሲበራ የተለመደው ፍርድ «ሴንሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ገዢው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይላካል፤ ዕቃው ይሸጣል፤ መብራቱ ግን እንደ በራ ይቀራል። የተሸጠ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በዚህ ሁኔታ ገዢው ብቻ ሳይሆን በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪም በከንቱ ይባክናል።

እውነተኛው ምርመራ እንዲህ አስቸጋሪ አይደለም። የደከመ ባትሪ የሐሰት ኮድ ሊያወጣ ስለሚችል በቅድሚያ የባትሪው ኃይል ይለካል። ቀጥሎ የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ሳሉ የመሪው ማዕዘን በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል፤ ቁጥሩም ወደ 0 የቀረበ ሊሆን ይገባል። ከዚያም መሪው ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ይዞራል። ቁጥሩ ሳይዘል አብሮ ከሄደና መሪው ቀጥ ሲል ብቻ ከ0 ከራቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩ ደኅና ነው፤ የሚያስፈልገው የጎማ አላይመንቱን ማረምና ዜሮውን እንደገና ማስተካከል ነው። ይህ ችግር መሪው ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ፣ በአንዳንድ መኪናም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ይደርሳል። ቁጥሩ የሚዘል ወይም የሚጠፋ ከሆነ ግን ሽቦውና ከመሪው ሥር ያለው ጥቅልል ገመድ ይፈተሻሉ፤ ሴንሰሩም የሚጠረጠረው ከእነዚህ በኋላ ነው። (በዚያው ስፍራ ኤርባግ ስላለ፣ ያልሠለጠነ እጅ መሪውን ባይፈታ ይመረጣል።)

ስለዚህ ባለ ሱቆች ሴንሰር ከመሸጣቸው በፊት የዚህን ምርመራ ውጤት ቢጠይቁ፣ አስመጪዎችም መደርደሪያ በሴንሰር ከመሙላት አስቀድመው የመመርመሪያ መሣሪያ ቢያስገቡ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1963 የፖሊቴክኒክ ተቋም የተመሠረተባት ባሕር ዳር መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ አታጣም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ይህንኑ ሴንሰር የያዙ ናቸው።